የዳኛው ዘጠኝ

ክቡር ዳኛው ከፍርድ ወንበራቸው በጡረታ ከተነሱ አሥራ አንድ ዓመት ቢያልፋቸውም፣ ከዘጠኝ ላይ ግን ማንም ሊያነሳቸው አልቻለም። ዘጠኝ የጎልፍ ሃንዲካፓቸው ናት። ክበቡ ከሃያ አንድ ዓመት በፊት የሰጣቸው የምስክር ወረቀት ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ ከሕግ ዲግሪያቸው ከፍ ብሎ፣ ከሠርጋቸው ፎቶግራፍ ደግሞ በጣም ከፍ ብሎ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው ከወረቀቱ ትይዩ ባለው ሶፋ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ልቀመጥ ያለ እንደሆነ፣ "እዚህ ይሻልሃል፣ ነፋስ የለም" ተብሎ ይዛወራል።

ጎልፍ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ይህን ያህል አይከብድም። ሃንዲካፕ ማለት አንድ ተጫዋች ከጎበዙ ተጫዋች ምን ያህል ምት አብልጦ እንደሚያባክን የሚናገር ቁጥር ነው። ጎበዙ ዜሮ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሰውየው እየባሰበት ነው። ደካማና ጎበዝ ሲገጥሙ፣ በልዩነታቸው ልክ ከደካማው ምት ላይ ይቀነስለታል። የክበቡ ሰዎች ይህችን ቅናሽ "ምርቃት" ይሏታል፤ ባለሱቅ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ጣል እንደሚያደርጋት እፍኝ ማለታቸው ነው። ምርቃት በመቀበል ማንም አያፍርም። ዳኛው ግን ያፍራሉ።

ታዲያ ሰባኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ነው፤ ወገባቸው አልዞር፣ ኳሷም አልታዘዝ ካለቻቸው ቆየች። ዘጠኝ ግን ዘጠኝ ነበረች። እንዴት ቢሉ፣ ጨዋታው እንደተበላሸባቸው የገባቸው ዕለት፣ አሥራ አራተኛው ወይም አሥራ አምስተኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ፣ ሰማዩን ቀና ብለው ያዩና "ዝናብ ሊመጣ ነው" ይላሉ። ሰማዩ እንደ መስታወት የጠራ ከሆነ የሚጠብቁት ስልክ ይኖራል። ምታቸው የተቆጠረበት፣ ሃንዲካፕም የሚሰላበት ካርድ አላለቀምና ለክበቡ አይሰጥም፤ ኪሳቸው ይገባል፤ ከዚያም ቤታቸው ባለው የጥናት ክፍል መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል። "ያልተቋጨ መዝገብ አይፈረድበትም" ይላሉ። በሥራ ዘመናቸው ቀጠሮ ይሰጠኝ ያለ ጠበቃን በዓይናቸው ይገርፉ የነበሩ ሰው፣ ራሳቸውን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በቀጠሮ አኖሩት።

ይህ ሁሉ የተረፈው ለምራታቸው ነው።

ምራቲቱ ጥርስ ሠሪ ናት። ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ፣ ጂፕሰም በተረጨበት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ሰም ታቀልጣለች፣ ቅርጽ ታወጣለች፣ ትሞርዳለች። ይህ ሥራ ማስመሰል አይወድም። ጥርሱ የፀጉር ያህል ከፍ ካለ ባለቤቱ በማግስቱ መንጋጋውን ይዞ ይመጣል። ጎንበስ ማለቱ ወገቧን ሲይዛት ሐኪም ተንቀሳቀሽ አላት፤ ክሊኒኩ ከጎልፍ ሜዳው አጥር ጋር የተጎራበተ ነበርና በምሳ ሰዓቷ ዱላ መወዝወዝ ጀመረች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሠላሳ ቁጥር ላይ ደረሰች። ሰባት ኳስ የጠፋባትን ቀን ሳይቀር ካርዷን ሞልታ አስገብታለች። ሠላሳዋ ያልተቀባባች፣ ያልተኳለች ሠላሳ ነበረች።

የክበቡ የጥንድ ዋንጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የዳኛው የዘመናት ጓድ፣ ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፣ ጉልበታቸውን ለቀዶ ጥገና ሰጡ። ዳኛው ሌላ ጓድ ፈለጉ። አንዱ መንገድ አለብኝ አለ፣ ሌላው ለዘመዴ ቃል ገብቻለሁ አለ፣ ሦስተኛው ስልኩን አላነሳም። ዳኛው ነገሩን በራሳቸው መንገድ ተረጎሙት። "ከኔ ጎን መቆም ይከብዳቸዋል" አሉ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እሑድ ምሳ ላይ ሹካቸውን አስቀመጡና ወደ ምራታቸው ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ያቺ ቁጥርሽ ስንት ደረሰች?"

"ሠላሳ፣ አባባ።"

"ሠላሳ!" አሉ፤ ጽኑ እስራት ሲበይኑ በነበረው ድምፃቸው። "ግድየለም፣ እኔ እሸከምሻለሁ። ለጥንድ ዋንጫው ተመዝገቢ።"

ባሏ ከሰላጣው ላይ ቀና ሳይል በጠረጴዛው ስር እግሯን ረገጣት። እምቢ በይ ማለቱ ነው። በአፉ ግን "ጥሩ ሐሳብ ነው አባዬ" አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አለች በሆዷ። ቢሆንም አልከፋትም። በዚህ ቤት በኖረችበት ስድስት ዓመት ውስጥ አማቷ ጨው አቀብዪኝ ከማለት ያለፈ ነገር ሲጠይቋት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"እሺ አባባ" አለች።

የክበቡ ጽሕፈት ቤት ከልብስ መቀየሪያው ጎን ያለች፣ ማራገቢያዋ ቋ ቋ እያለች የምትዞር ጠባብ ክፍል ናት። ፀሐፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ካርዶች ትደረድር ነበር።

"ከማን ጋር ልመዝግብሽ?"

"ከአማቴ ጋር።"

"ከባለ ዘጠኙ?" ፀሐፊዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

"ምን ሞተብኝ?"

"ቁጭ በይ ላሳይሽ።" አንድ ያረጀ ካርድ ገልብጣ በእርሳስ መጻፍ ጀመረች። "አራታችሁም የየራሳችሁን ኳስ ትመታላችሁ። በየጉድጓዱ ከጥንዱ የተሻለው ውጤት ብቻ ይያዛል፤ ያነሰ ምት ያለው ጥንድ ጉድጓዷን ይወስዳል። ድምር የሚባል ነገር የለም። ብዙ ጉድጓድ የወሰደ አሸነፈ።"

"ይህን አውቃለሁ። ምርቃቱን ንገሪኝ።"

"ከሁላችሁም ቁጥር መጀመሪያ አንድ አሥረኛው ይነሣል። የአማትሽ ዘጠኝ ስምንት ይሆናል፣ ያንቺ ሠላሳ ሃያ ሰባት። የደረሷችሁ የዓይን ሐኪሙና የቤት ዕቃ ነጋዴው ናቸው። ሐኪሙ ከአሥራ ስምንት ወደ አሥራ ስድስት ይወርዳሉ፣ ነጋዴው ከሃያ ስምንት ወደ ሃያ አምስት። አሁን ከአራቱ ትንሹ ማን ነው?"

"አባባ። ስምንት።"

"እሳቸው ዜሮ ይሆናሉ፤ ሌላው ሁሉ ከሳቸው ይቆጠራል። ሐኪሙ ስምንት ምርቃት፣ ነጋዴው አሥራ ሰባት፣ አንቺ አሥራ ዘጠኝ። ጉድጓዶቹ ከከባዱ እስከ ቀላሉ ተራ ወጥቶላቸዋል አይደል? ሐኪሙ በስምንቱ ከባዶች ላይ አንድ አንድ ምት ይቀነስላቸዋል። አንቺ በሁሉም ላይ አንድ፣ በከባዷ ላይ ሁለት። አማትሽ ባዶ እጃቸውን።"

"እውነተኛ ዘጠኝ ከሆኑ ታዲያ ምን ቸገረን?"

ፀሐፊዋ በሩን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እሳቸው ዘጠኝ ከሆኑ እኔ የዓለም ሻምፒዮን ነኝ። በኔ ግምት ሃያ ሦስት ናቸው። ሃያ ሦስት ቢሉ ትንሹ ሐኪሙ ይሆኑና ዜሮ ይያዛሉ፤ አማትሽም አምስት ምርቃት ይቀበላሉ። አሁን ግን ስምንት ሊሰጡ ነው። አምስት መቀበል የሚገባው ሰው ስምንት ሲሰጥ አሥራ ሦስት ምት ነው፣ ልጄ። ለማኙ ቆሞ ሲመጸውት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ነጋዴውስ? እሱን ሲመታ አይቼዋለሁ። ሃያ ስምንት አይመስልም።"

"እሱማ በሽታው የተገላቢጦሽ ነው። አማትሽ መጥፎ ካርዳቸውን ይደብቃሉ፣ እሱ ጥሩውን።" ፀሐፊዋ እርሳሷን ጣል አደረገች። "ካርዳቸው ቢመጣልኝ ባንድ ከሰዓት አስተካክለው ነበር። አሥር ጉድጓድ የተመታበት ካርድ ባያልቅም ይቆጠራል። ግን የት እንደሚያደርጉት እግዜር ይወቅ።"

የት እንደሚያደርጉት ምራቲቱም ታውቃለች።

የዚያን ቀን ማታ አማቷን፣ የዳኛውን ሚስት፣ ልብስ እያጣጠፉ አገኘቻቸው። ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻቸው። እሳቸው የትራስ ልብሱን በደንብ ዳስሰው አራት ካጠፉ በኋላ፣ "ልጄ" አሉ፣ "ዘጠኝ እኮ ቁጥር አይደለችም፤ ጣውንቴ ናት። እኔን ያገባበትን ቀን ይረሳል፤ እሷን ያገኘበትን ቀን ግን ከነሰዓቱ ይነግርሻል። ከጣውንት ጋር ተስማምቶ መኖር ነው እንጂ መጣላት አያዋጣም።"

ምራቲቱ ግን አልቻለችም፤ በማግስቱ ራሳቸውን ዳኛውን ሞከረቻቸው።

"አባባ፣ ቁጥርዎን ትንሽ ቢያስተካክሉት እኮ ምርቃት እናገኝ ነበር።"

"እኔ ምጽዋት አልቀበልም።"

"ምጽዋት አይደለም፣ ደንቡ ነው።"

ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺ ልጅ። ስለ ደንብ ለኔ?" አሉና ጋዜጣውን መልሰው ከፍ አደረጉት።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱም የመጀመሪያው መምቻ ላይ ተገናኙ። የዓይን ሐኪሙ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ከአፋቸው ማር የሚፈስ ሰው ናቸው። ክሊኒካቸው ውስጥ የሰውን ዓይን በጠብታ ያጥባሉ፤ የራሳቸውን ግን በጨው ነው የሚያጥቡት። ነጋዴው ቁምሳጥን የሚያህል ሰው ሲሆን ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ቀረበ። "ዛሬስ እንጃልኝ" አለ። ከዚያ የመጀመሪያ ኳሱን መታ፤ ኳሷ ዛፉን አልፋ፣ የውሃ መስመሩን አልፋ፣ ከዓይን ተሰወረች። "አይ ወገቤ" አለ፣ እንደ ማፏጨት እያለ።

ዳኛው ተራቸው ሲደርስ እንደ ዘጠኝ ቆሙ፣ እንደ ዘጠኝ ጓንታቸውን አጠበቁ፣ እንደ ሃያ ሦስት መቱ። ኳሷ ሠላሳ እርምጃ ያህል በሣሩ ላይ እየተንከባለለች ሄዳ ቁጥቋጦ ስር ገባች።

"ነፋስ ነው" አሉ ሐኪሙ።

"ነፋስ ነው" አሉ ዳኛው።

ቅጠል አልተንቀሳቀሰም።

ምራቲቱ ሩቅ አትመታም። ኳሷን አጭር አጭር፣ ቀጥ ቀጥ አድርጋ ነው የምትነዳት፤ ጥርስ እንደምትሞርደው። ስድስት መትታ አንዱ ሲነሣላት አምስት ይሆናል፤ አምስት መትታ አራት ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ሦስተኛውን ጉድጓድ ወሰደች፣ አምስተኛውንም ወሰደች። ነጋዴው በበኩሉ በወገቡ ሁለት ወሰደ። ዳኛው እስካሁን ለጥንዱ አንዲት ውጤት አላዋጡም። ምራታቸው ጉድጓድ በወሰደች ቁጥር ግን ለተጋጣሚዎቹ አንዳች ይቅርታ እንደ መጠየቅ ብለው "በምርቃት ነው" ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ ያናደዳት ሌላ ነገር ነው። በእንዲህ ዓይነት ግጥሚያ ኳስ ጉድጓዷ አፍ ላይ ስትደርስ ተጋጣሚ "ውሰዳት" ካለ እንደገባች ይቆጠራል፤ መምታት አያስፈልግም። አንዴ ከተባለ ደግሞ መመለስ የለም። ሐኪሙ ይህን አጥብቀው ያውቃሉ። ኳሳቸው አንድ እርምጃ ስትቀራት ጎንበስ ብለው መስመሩን ያዩና፣ "ይህቺማ ለባለ ዘጠኝ ሰው ዓይንን ጨፍኖ ነው። እንደኛ ላለው ግን…" ይላሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ዳኛው ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ።

"ውሰዳት፣ ዶክተር።"

በዘጠነኛው ጉድጓድ አራተኛው "ውሰዳት" ሲሰማ ምራቲቱ ጠጋ አለቻቸው።

"አባባ፣ ለምን አያስመቷቸውም? እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አላዩም?"

"ከሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ጋር ስለ አንድ ክንድ መሬት አልከራከርም። የድንበር ክርክር በሥራ ዘመኔ ጠግቤያለሁ።"

"የተሰጠው እኮ የኔም መሬት ነው" አለች። አልሰሟትም፤ ወይም ሰምተው ውድቅ አደረጉት።

እንዲህ እየተጓተቱ፣ እሷ እያመጣች እሳቸው እየመጸወቱ፣ አሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ላይ እኩል ሆነው ደረሱ። ስድስት ጉድጓድ ወስደዋል፤ ስድስቱም የሷ ናቸው። መዳፏ ተልጧል። ያም ሆኖ ደስ ብሏታል፤ እንዲህ ዓይነት ቀን በዕድሜዋ አልገጠማትም።

ነጋዴው በጉልበቱ ተማምኖ መታና ኳሱን ኩሬ ውስጥ ጨመራት። እሱ ቀረ። ዳኛው ከጉድጓዷ አጠገብ ለእንቅፋት የተደፋው አሸዋ ውስጥ ገቡ። አንድ ጊዜ መቱ፤ አሸዋው ወጣ፣ ኳሷ ቀረች። ሁለተኛ መቱ። ሦስተኛ። በዚህ ጊዜ ሰው ኳሱን አንሥቶ ለጓዱ ይተዋል፤ የሱ ውጤት ከእንግዲህ አይፈለግም። ዳኛው ግን ኳስ አንሥቶ መውጣትን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት። ነጋዴው ዳር ቆሞ፣ ዓይኑን ፈጠጥ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ ይቆጥርላቸዋል። "ስድስት! ሰባት! አይዞዎት ክቡር ዳኛ! ስምንት!" ሲወጡ ቅንድባቸው ሳይቀር አሸዋ ለብሷል፤ ከክበቡ ሰገነት ላይ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ቆሞ ያያል።

ምራቲቱ በስድስት ጨረሰች፤ በምርቃቷ አምስት። ሐኪሙ አራት መትተው ኳሳቸው ከጉድጓዷ ሁለት እርምጃ ላይ ናት፤ እዚህ ጉድጓድ ላይ እሳቸውም ምርቃት አላቸው። ካስገቡ አምስት ሲቀነስ አራት፣ አሸነፉ። ከሳቱ እኩል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሐኪሙ ዱላቸውን ጨበጡ፤ ለቀቁ፤ እንደገና ጨበጡ። ቀኑን ሙሉ አንዲትም እንዲህ ያለች ኳስ አልመቱም ነበርና እጃቸው እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ላባቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ምራቲቱ እጃቸውን አየች። ይስታሉ። ያለጥርጥር ይስታሉ።

ዳኛው አሸዋቸውን አራገፉ። ሰገነቱን ቀና ብለው አዩት። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ዓይን። ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ሙሉ በሙሉ አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉና፣ እስከ ሰገነቱ በሚሰማ ድምፅ፣

"ውሰዳት፣ ዶክተር!" አሉ።

ሰገነቱ አጨበጨበ። ሐኪሙ ኳሷን ለቀም አደረጓት። ምራቲቱ የተላጠ መዳፏን ዘርግታ ሁለቱንም ተጋጣሚዎች ጨበጠች፤ ጥርሷን ነክሳ፣ የሌላ ሰው ጥርስ እንደሆነ ሁሉ።

ይህም በሆነና በቀረ። ሽንፈት ይረሳል። ግን እጇን ታጥባ ወደ ሻይ ቤቱ ስትገባ ዳኛው በሰው ተከብበው ሲያወሩ ሰማች። "ልጅቷ ገና ናት፣ ምን ይደረግ። እንደ ምንም ብዬ እስከ አሥራ ስምንተኛው ጎተትኳት።" አጠገባቸው የነበረው ነጋዴ እንኳ አፍሮ ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት ዳኛው በእግራቸው ሊንሸራሸሩ እንደወጡ ምራቲቱ የዳኛውን ሚስት፣ እማማን፣ የጥናት ክፍሉ በር ላይ አየቻቸው። ቁልፉን ይዘው ቆመዋል።

"ከየት አመጡት እማማ?"

"የኮቱን ኪስ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሳራግፍ የኖርኩት እኔ አይደለሁም?" መሳቢያውን ከፈቱ። ሃምሳ ሦስት ካርድ። እያንዳንዱ ላይ፣ ከዳኛው ፊርማ ጎን፣ የምስክሩ፣ የርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥ ያለች የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈት። እማማ በጋዜጣ ጠቅልለው አስታቀፏት። "ትናንት ጎተትኳት ማለቱን ባልሽ ነገረኝ። እኔ ልብስ እየተኮስኩ ነው፤ ምንም አላየሁም።"

ሦስት ቀን ላቦራቶሪዋ ውስጥ፣ ከጂፕሰሙ ከረጢት ጀርባ አስቀመጠቻቸው። አንዳንዴ ንዴቷ ሲበርድ ልትመልሳቸው ታስባለች። ግን አንዱን ካርድ አንሥታ ታያለች፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ "ዝናብ"። በአራተኛው ቀን ለፀሐፊዋ ወሰደችላት።

ሰኞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ፤ ክቡር ዳኛ፣ ሃያ ሦስት።

ዳኛው ቤት ሲገቡ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም። ሳሎኑ ውስጥ ትልቁ ወንበር ላይ ተሰይመው ቤተሰቡን በሙሉ አስጠሩ።

"ማን ነው ይህን ያደረገ?"

"እኔ ነኝ አባባ" አለች ምራቲቱ። "ካርዶቹን እኔ ነኝ የወሰድኩት።"

"መሳቢያው ተቆልፎ ነበር።"

"እኔ ነኝ የከፈትኩት" አሉ እማማ።

"አንቺ!"

"አዎ እኔ። ፍርድህን ስጥና ምሳችንን እንብላ፣ እየቀዘቀዘ ነው።"

ባሏ ጣሪያውን ያያል። ዳኛው ተነሥተው የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አወረዱና ብብታቸው ስር ይዘው ክፍላቸው ገቡ። ምራቲቱ ከኋላ ስታያቸው ጀርባቸው ጎብጦ ታያት። እማማ ግን ሚስማሩ ባዶ ከሚቀር ብለው የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ የዚያኑ ዕለት ሰቀሉበት።

ስድስት ሳምንት ዳኛው ምራታቸውን አላናገሯትም። ጨው ሲፈልጉ ራሳቸው ተነሥተው ያመጣሉ።

በሰባተኛው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ጉልበታቸው ድኖ መጡና እየለመኑ፣ እየጎተቱ ወደ ሜዳ ወሰዷቸው። ተጋጣሚዎቹ ያው ሐኪሙና አንድ ጓደኛቸው ነበሩ። ዳኛው በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምርቃት ተቀበሉ። አንድ ከባድ ጉድጓድ ላይ ስድስት መትተው አምስት ሲባልላቸው ለጊዜው አልገባቸውም። ሐኪሙም አምስት ነበሩና እኩል ሆኑ። ቀጥሎ አምስት መትተው አራት ተባለላቸው፤ ጉድጓዷንም ወሰዱ። ርዕሰ መምህሩ እንደነገሩን፣ ዳኛው ቆም ብለው "እንዲሁ በነፃ?" ብለው ጠየቁ። በነፃ ነው ተባሉ። ያን ቀን አሸነፉ፤ ማታ ራት ላይም፣ "ጨው አቀብዪኝ፣ ልጄ" አሉ።

ምራቲቱ ተመስገን አለች። ግን ተመስገን ለማለት ቸኩላለች።

ምርቃት የቀመሰ ሰው ሚዛኑን ሳይነካ አይቀርም። ዳኛው ማነከስ ጀመሩ፤ ጠዋት ቀኝ እግራቸውን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግራውን። ካርድ ማስገባት አበዙ፤ የሚያስገቡት ግን የተበላሸውን ብቻ ነው። ጥሩ እየተጫወቱ ከሆነ አሥር ጉድጓድ ሳይሞላ ሰማዩን ያዩና "ዝናብ ሊመጣ ነው" ይላሉ። ከዘጠኝ ወደ ሃያ ሦስት በግድ የወጡት ሰው፣ ከሃያ ሦስት ወደ ሃያ ሰባት በፈቃዳቸው ወጡ። አልሸሹም ዞር አሉ።

አንድ ቀን ላቦራቶሪዋ ድረስ መጡ። መጥተው አያውቁም ነበር። ጂፕሰም የተረጨበትን ወንበር በመሐረባቸው ጠርገው ተቀመጡ፤ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ጥርሶች በአክብሮት አዩ።

"የሚቀጥለው የጥንድ ዋንጫ እየደረሰ ነው" አሉ። "አሁን አንቺ ስንት ነሽ?"

"ሃያ አራት፣ አባባ። እየተሻሻልኩ ነው።"

ፊታቸው ጠቆረ። "መሻሻሉ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ለምን ትቸኩያለሽ? እስከ ዋንጫው ድረስ ትንሽ ብትዘገዪ… አንድ አራት አምስት ካርድ ላይ እጅሽን ብታላሊ፣ ሠላሳሽ ትመለስ ነበር። እኔ በሃያ ሰባት፣ አንቺ በሠላሳ፣ ማን ይችለናል?"

መሞረጃዋን አጠፋች። የድሮዋ ዘጠኝ ትዝ አለቻት። ያቺም ውሸት ነበረች፤ ግን ከማንም በላይ የምትበላው ባለቤቷን ነበር። ይህቺ አዲሷ የምትበላው የሰው ነው፤ ይህችን ደግሞ ከመሳቢያ አውጥታ ወደ ዓለም የለቀቀቻት እሷ ናት። ስቃ ልትለቀው ፈለገች፤ ሳቁ አልመጣም።

"አልችልም አባባ። እጄ እምቢ ይለኛል።"

"እልኸኛ ነሽ" አሉ፣ ተነሥተው ሱሪያቸውን እያራገፉ። "እንደ አማትሽ።"

ሳምንት ሳይሞላ ከነጋዴው ጋር ተመዘገቡ። ግም ለግም አብረህ አዝግም። አንዱ ወገቡን፣ አንዱ እግሩን ይዞ፣ እያቃሰቱ ሜዳውን ሲያቋርጡ ላያቸው አምቡላንስ ያስጠራሉ።

ምራቲቱ ጓድ አልነበራትም። ይህን ስታወራ እማማ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

"ፈጽሞ ለማያውቅ ሰው ስንት ነው የሚሰጡት?" አሉ።

"ከፍተኛው ሃምሳ አራት ነው።"

"ሃምሳ አራት!" ቢላዋውን አስቀመጡ። "ምንም ሳልሠራ?"

"ምንም ሳይሠሩ።"

"እንግዲያውስ ብዙ አታስተምሪኝ" አሉ።

በዕጣው፣ የዕጣ ነገር ሆኖ፣ መጀመሪያ የደረሷቸው ዳኛውና ነጋዴው ነበሩ። ከአራቱ ትንሿ ቁጥር የምራቲቱ ሆነችና ዜሮ ተያዘች፤ ምርቃት ሰጪዋ እሷ ሆነች። ለአማቷ ለዳኛው ሳይቀር ሁለት ሰጠች። እማማ ግን ሃያ ሰባት ምርቃት ደረሳቸው፤ በየጉድጓዱ አንድ፣ በዘጠኙ ከባዶች ላይ ሁለት ሁለት። ምራትና አማት ግን ተሸነፉ። ልዩነቱ በቀሩት ጉድጓዶች የማይሞላ ሆኖ አሥራ አራተኛው ጉድጓድ ላይ አለቀ፤ ነጋዴው ያን ቀን ወገቡን ጨርሶ ረስቶት ነበር። ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ግን ነጋዴው ኳሱን ዛፍ ውስጥ አጠፋ፣ ምራቲቱም ኩሬ ገባች፣ ዳኛው በስድስት ጨረሱ። እማማ፣ ዱላውን እንደ መጥረጊያ ይዘው፣ እየገፉ እየገፉ በሰባት አስገቡ። ሁለት ሲነሣ አምስት። ጉድጓዷን ከባላቸው ወሰዱ።

ዳኛው ዋንጫውን በመጨረሻ ወስደዋል፤ ስለ ጨዋነትም አጭር ንግግር አድርገዋል። ግን ያቺ ሰባተኛዋ ጉድጓድ እንቅልፍ ነሳቻቸው። በሳምንቱ ለክበቡ ኮሚቴ ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጻፉ፤ የወይዘሮዋ ሃምሳ አራት ከችሎታቸው ጋር የማይመጣጠን፣ ሆን ተብሎም የተጋነነ መሆኑን በዝርዝር የሚያስረዳ። ኮሚቴው ማመልከቻውን ተቀብሎ፣ ጉዳዩ በአግባቡ እንዲጣራ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ ካርዳቸውን ይዘው ይቅረቡ ሲል ወሰነ። ውሳኔው በደረሳቸው ማግስት ዳኛው ጽሕፈት ቤት ሄደው፣ ምንም ሳያነክሱ፣ ማመልከቻቸውን አነሡ።